ኦኩፔሽናል ቴራፒ፦ ጥራቱ የሚለካው በሆስፒታል መዝገብ ነው ወይስ በእብናት ጓዳ?

‹‹ኦኩፔሽናል ቴራፒ›› የሚለውን ስም በአገራችን ገና ጆሮ አልለመደውም። ከጤና ባለሙያዎች ጋር እንኳ ስለዚህ ሙያ ሳነሳ አዘውትሮ የሚገጥመኝ ምላሽ ‹‹ፊዚዮቴራፒ ለማለት ፈልገህ ነው?›› የሚል ነው። ስሙን ሰምተው ስለ ፋብሪካ ሠራተኞች ጤንነት የሚወራ የሚመስላቸውም አሉ። ሁለቱም አይደለም። ስትሮክ የመታውን ሰው ብንወስድ፣ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያው በዋናነት የሚጨነቀው የሰነፈው ክንድ ጉልበት እንዲያገኝ፣ የደረቀው መገጣጠሚያ እንዲፍታታ፣ ሰውየው ሚዛኑን ጠብቆ እንዲራመድ ነው። የኦኩፔሽናል ቴራፒ ባለሙያው ደግሞ ሥራውን የሚጀምረው ‹‹በዚህ ክንድ ምን መሥራት ይፈልጋሉ?›› ከሚለው ጥያቄ ነው። መልሱ ልብስ መልበስ፣ እንጀራ መጋገር፣ በሬ መጥመድ ወይም የልጅ ልጅን ማቀፍ ሊሆን ይችላል። ከዚያ በኋላ ያንኑ ተግባር ራሱን ሕክምና ያደርገዋል። አሠራሩን፣ ዕቃውን፣ ሲያስፈልግም ቤቱን እያስተካከለ ሥራው የሚቻል እንዲሆን ይጥራል። በስሙ ውስጥ ያለው ‹‹ኦኩፔሽን›› ደመወዝ የሚያስገኝ ሥራን ብቻ ሳይሆን የሰውን ቀን የሚሞላ ማንኛውንም ተግባር የሚያመለክት ነው።

ሙያው በዓለም ላይ አዲስ አይደለም። በአሜሪካ የመጀመሪያው የሙያ ማኅበር የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1917 ሲሆን፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነት የቆሰሉ ወታደሮችን ወደ ቀድሞ ኑሯቸው የመመለሱ ሥራ ሙያው እንዲስፋፋ ምክንያት ሆኗል። የዓለም የኦኩፔሽናል ቴራፒስቶች ፌዴሬሽን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1952 ተቋቁሟል። በእኛም አገር የተሃድሶ ሥራ አልነበረም ማለት አይቻልም። በፖሊዮ ለተጎዱ ሕፃናት ሲሠራ የኖረው ቼሻየር፣ እ.ኤ.አ. በ1965 ተመሥርቶ ለሥጋ ደዌ ሕሙማን እጅና እግር ብዙ የደከመው አለርት፣ ሰው ሠራሽ አካል የሚሠራባቸው የአዲስ አበባና የባሕር ዳር ማዕከላት የሚጠቀሱ ናቸው። የጎደለው የኦኩፔሽናል ቴራፒ ባለሙያን በዲግሪ ደረጃ እዚሁ ማሠልጠን ነበር። እ.ኤ.አ. በ2017 የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ከካናዳው ክዊንስ ዩኒቨርሲቲና ከማስተርካርድ ፋውንዴሽን ጋር የ10 ዓመት የትብብር ስምምነት ሲያደርግ ከተያዙት ዓላማዎች አንዱ ይኼው ነበር። በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የኦኩፔሽናል ቴራፒ የዲግሪ ትምህርትም በዚሁ ትብብር አማካይነት በጎንደር ተከፍቷል። ለአጠቃላይ ትብብሩ የተመደበው 24.2 ሚሊዮን ዶላር ነው።

እኔ የተሃድሶ ባለሙያ አይደለሁም፤ የቆየሁት በጤና ተቋማት የአገልግሎት ጥራት ሥራ ላይ ነው። ስለዚህም ስለ አዲሱ ሙያ ስሰማ መጀመሪያ የመጣብኝ ጥያቄ ስንት ባለሙያ ይመረቃል የሚለው አልነበረም። እነዚህ ልጆች ተመርቀው ሆስፒታል ሲገቡ ሥራቸው ጥሩ ይሁን መጥፎ በምን ይለካል? አዲስ ሙያ ያለው አንድ ዕድል መለኪያው ገና አለመደንደኑ ነው። ከተበላሸ በኋላ ማቃናት ምን ያህል እንደሚያስቸግር በሌሎች የሕክምና ክፍሎች አይተናል።

በጤናው ዘርፍ ስለ ጥራት ሲወራ ሁልጊዜ የሚጠሩት አቬዲስ ዶናቤዲያን ናቸው። ቤሩት የተወለዱት እኚህ አርመናዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1966 ባሳተሙት ጽሑፍ የሕክምናን ጥራት በሦስት በኩል ማየት እንደሚቻል አስረዱ። አንደኛው ግብዓት ነው፤ ባለሙያው፣ ክፍሉ፣ መሣሪያው አለ ወይ? ሁለተኛው ሂደት ነው፤ መደረግ ያለበት በሚገባው መንገድ ተደርጓል ወይ? ሦስተኛው ውጤት ነው፤ ሰውየው ምን ተጠቀመ? ሦስቱ የተያያዙ ቢሆኑም አንዱ ሌላውን አይተካም። ያማረ ክፍልና ዘመናዊ መሣሪያ ይዞ ምንም ውጤት የማያመጣ አገልግሎት ሞልቷል።

በኢትዮጵያ ሆስፒታሎች የጥራት ሥራ መልክ የያዘው ከ2002 ዓ.ም. የሆስፒታሎች ማሻሻያ መመሪያ ወዲህ ነው ብል ብዙ የተሳሳትኩ አይመስለኝም። ሆስፒታሎች እርስ በርስ እየተማማሩ የሚሻሻሉበት የጥራት ጥምረት እ.ኤ.አ. በ2012 ተጀመረ። ከ2016 እስከ 2020 የተዘረጋ አገር አቀፍ የጥራት ስትራቴጂም ወጣ። የጥራት ክፍሎችም ተቋቋሙ። በእነዚህ ዓመታት በየወሩ ስንሞላቸው የኖርናቸው መለኪያዎች የተመላላሽ ታካሚ ብዛት፣ የአልጋ መያዝ መጠን፣ አማካይ የቆይታ ቀን፣ የቀዶ ሕክምና ቁስል ማመርቀዝና የመሳሰሉት ናቸው። ለሆስፒታል ጠቃሚ ናቸው። ነገር ግን ሁሉም ማለት ይቻላል በሆስፒታሉ በር ላይ ያበቃሉ። ከመተኛት ብዛት የሚወጣን ቁስል ለምሳሌ እንውሰድ። ታካሚው ዎርድ ውስጥ እያለ ቁስሉ ቢወጣበት ይቆጠራል። ሰውየው ወደ ቤቱ ሄዶ፣ ገልባጭ አጥቶ፣ በሦስተኛው ሳምንት ወገቡ ቢቆስል ግን የማንም ሪፖርት ውስጥ አይገባም። ለኦኩፔሽናል ቴራፒ ደግሞ ዋናው ነገር የሚጀምረው ከዚያ በር ማዶ ነው።

ነገሩን በሐሳብ ደረጃ እንዳይቀር እብናት እንውሰደው። እብናት ከደብረ ታቦር በስተሰሜን ምሥራቅ ያለ የደቡብ ጎንደር ወረዳ ሲሆን በደቡብ ከፋርጣ፣ በምዕራብ ከሊቦ ከምከም፣ በሰሜን ከበለሳ፣ በምሥራቅ ከሰሜን ወሎ ይዋሰናል። ድርቅ ደጋግሞ የጎበኘው፣ የሴፍቲኔት ዕርዳታ የሚያገኘው ሕዝብ ብዙ የሆነበት፣ ገደልና ድንጋይ የበዛበት አገር ነው። የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል እብናት ከተማ ላይ አለ። ከዚያ ከፍ ያለው ሕክምና የሚገኘው ደብረ ታቦር ላይ ነው፤ ከዚያ ቀጥሎ ጎንደር ወይም ባሕር ዳር ነው።

አንድ የ58 ዓመት አባወራ አሉ እንበል። ከእብናት ከተማ የግማሽ ቀን መንገድ ከሚርቅ ቀበሌ ናቸው። አንድ ጠዋት ቀኝ ጎናቸው ከዳቸው። ቤተሰቡ ‹‹መጋኛ መታቸው›› አለ፤ ጸበል ተወሰዱ፤ በኋላም በወሳንሳ ከተማ ወርደው ወደ ደብረ ታቦር ተላኩ። ስትሮክ መሆኑ ታወቀ። የደም ግፊታቸው ተስተካክሎ፣ ጥቂት እንቅስቃሴ ተሠርቶላቸው፣ በክራንች ቆመው መራመድ ሲጀምሩ ወደ ቤታቸው ተሸኙ። በሆስፒታሉ መዝገብ እኚህ ሰው ‹‹ተሽሏቸው የወጡ›› ናቸው።

በተሃድሶ ክፍል ደግሞ እንዲህ ያለውን ሰው ለመመዘን በብዛት ከሚሠራባቸው መለኪያዎች አንዱ የባርትል መለኪያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1965 በአሜሪካ የታተመ ሲሆን አሥር ተግባራትን ይዟል፤ መብላት፣ ገላ መታጠብ፣ ፊትና ፀጉርን ማሰናዳት፣ መልበስ፣ ሰገራና ሽንትን መቆጣጠር፣ ሽንት ቤት መጠቀም፣ ከአልጋ ወደ ወንበር መሸጋገር፣ ሜዳ ላይ መራመድ፣ ደረጃ መውጣት። ድምሩ ከ100 ነው። ጥሩና ፈጣን መለኪያ ነው፤ የሚያናንቀው ባለሙያም አላውቅም። እብናት ላይ ሲደርስ ግን የሚያመልጠው ነገር ብዙ ነው።

መብላትን እንይ። ሰውየው በግራ እጃቸው ማንኪያ ይዘው ቢበሉ በባርትል ሙሉ ነጥብ ያገኛሉ። ነገር ግን በእኛ አገር ከአንድ ገበታ በግራ እጅ አይጎረስም። እኚህ አባወራ ነጥባቸው ሙሉ ሆኖ ሳለ ሰንበቴ መሄድ ያቆማሉ፤ ማኅበር ይቀራሉ፤ ሠርግ ሲጠሩ ‹‹አመመኝ›› ይላሉ። ብቻቸውን ጓዳ ውስጥ ይበላሉ። ደረጃ መውጣትን እንይ፤ ጎጆ ቤት ደረጃ የለውም፤ ከቤቱ እስከ ምንጩ ያለው ቁልቁለት ግን አለ፤ መለኪያው አያውቀውም። ‹‹ከአልጋ ወደ ወንበር›› የሚለውም እንደዚሁ ነው። ሰውየው የሚተኙት መደብ ላይ፣ የሚቀመጡት ከመሬት እምብዛም በማይርቅ በርጩማ ላይ ነው። ሽንት ቤቱ ቁጢጥ የሚባልበት ነው፤ ቁጢጥ ብሎ መነሳት ደግሞ አንድ ጎኑ ለሰነፈ ሰው ከማንኛውም ነገር ይከብዳል። ስለ እርፍና ስለ ጅራፍማ ባናነሳው ይሻላል። አራሽ በአንድ እጁ እርፉን፣ በሌላው ጅራፉን ነው የሚይዘው፤ አንድ እጅ ሲከዳ ሞፈርና ቀንበሩ ለጎረቤት ይዋሳል፤ መሬቱም ለእኩል ይሰጣል። የአንድ እጅ መስነፍ የቤቱን የዓመት እህል በግማሽ ይቀንሰዋል ማለት ነው። ይህ በየትኛውም የሆስፒታል ቅጽ ላይ የለም።

ኦኩፔሽናል ቴራፒ ለዚህ የራሱ መለኪያ አለው። ማሪ ሎውና ባልደረቦቻቸው በካናዳ አዘጋጅተው እ.ኤ.አ. በ1991 መጀመሪያ ያሳተሙት የተግባር አፈጻጸም መለኪያ ይባላል። አሠራሩ ቀላል ነው። ባለሙያው ዝርዝር ይዞ አይቀርብም። ታካሚው ራሱ ላደርገው እፈልጋለሁ፣ ማድረግ ይጠበቅብኛል፣ ግን አቃተኝ የሚላቸውን ተግባራት ይናገራል። ከእነሱ ውስጥ በጣም አስፈላጊ የሆኑት እስከ አምስት ድረስ ይመረጣሉ። ለእያንዳንዱ ‹‹አሁን ምን ያህል ትሠራዋለህ?›› እና ‹‹በአሠራርህ ምን ያህል ረክተሃል?›› ተብሎ ከ1 እስከ 10 ነጥብ ይሰጣል። ከሕክምናው በኋላ ያው ጥያቄ ይደገማል። የሁለት ነጥብና ከዚያ በላይ ለውጥ ትርጉም ያለው መሻሻል ተደርጎ ሲወሰድ ቆይቷል።

የዚህ መለኪያ ትልቅነቱ ዳኛው ታካሚው መሆኑ ነው። የእብናቱ አባወራ ‹‹ሰንበቴ ላይ በቀኝ እጄ መጉረስ›› ብለው ሊመርጡ ይችላሉ። ባለቤታቸው ታማሚ ቢሆኑ ደግሞ ‹‹ቡና አፍልቼ ሲኒ ሳላፈስ ማቅረብ›› ሊሉ ይችላሉ። አንዱም ቶሮንቶ ላይ ይመረጣል ተብሎ አይታሰብም፤ መለኪያው ግን ይሸከመዋል። ‹‹ያልተማረ ገበሬ ከአሥር ነጥብ እንዴት ይሰጣል?›› የሚል ተቃውሞ ሰምቻለሁ። አልቀበለውም። ገበሬው የመሬት ግብርና የእህል ዋጋ ሲያሰላ የኖረ ሰው ነው። አሥር የባቄላ ፍሬ ፊቱ አድርጎ ‹‹ሙሉ በሙሉ የሚችሉት ከሆነ አሥሩንም፣ ምንም የማይችሉት ከሆነ አንድ ብቻ ያንሱ›› ማለት ነው። በገጠር ልማት ሥራ ላይ የቆዩ ሰዎች በባቄላና በጠጠር ማስመዘንን ከድሮ ጀምሮ ያውቁታል።

እዚህ ላይ ከከተማ ሆኖ ሲታሰብ የማይታይ አንድ ችግር አለ። በእኛ ባህል በሽተኛን ማስታመም ትልቅ ምግባር ነው። ልጅ አባቱን ያጎርሳል፤ ምራት ታጥባለች፤ ጎረቤት ያርስለታል። የሚያኮራ ነው። የተሃድሶ ባለሙያ ዓይን ግን ሌላም ነገር ያያል፤ ሁሉ የሚደረግለት ሰው ሊመለስለት ይችል የነበረውን ችሎታ በዚያው ይረሳዋል። ስለዚህ ባለሙያው ቤተሰቡን ‹‹ተዉት፣ ራሱ ይሞክር፤ እህሉ ቢፈስም ይፍሰስ›› ማለት ሊኖርበት ነው። ይህን በሆስፒታል ኮሪደር ላይ በአምስት ደቂቃ ተናግሮ መሄድ አይቻልም። ቤተሰቡ ጭካኔ አድርጎ ይወስደዋል። ሽማግሌው ራሳቸውም ‹‹ልጆቼ ጠሉኝ›› ሊሉ ይችላሉ። የነፍስ አባታቸውን ማነጋገር ከባለሙያው ምክር በላይ የሚረዳበት ጊዜም አለ። እንግዲህ ጥራት ካልን አንዱ የጥራት ጥያቄ ይኸው ነው፤ አስታማሚው ምን እንዲያደርግ፣ ምን ደግሞ እንዳያደርግ ተምሯል ወይ? ሲደረግ ታይቷል ወይ?

ስለ መገልገያ ዕቃ ደግሞ ላንሳ። በአገራችን በተሃድሶ ስም በቴሌቪዥን ከሚታዩት ነገሮች ቀዳሚው የተሽከርካሪ ወንበር ርክክብ ነው። ባነር ይሰቀላል፤ ንግግር ይደረጋል፤ ወንበሮቹ በሰልፍ ይደረደራሉ። ስሙን በማልጠቅሰው አንድ ተቋም ከእንዲህ ያለ ርክክብ ወራት በኋላ ስለ ወንበሮቹ ጠይቄ ያገኘሁት መረጃ የተቀባዮች የፊርማ ዝርዝር ብቻ ነበር። ማን እየተጠቀመበት እንደሆነ፣ የማን ጎማ እንደፈነዳ፣ ማን እንደሸጠው የሚያውቅ አልነበረም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2008 አቅማቸው ውስን ለሆነ አገሮች ባወጣው መመሪያ ተሽከርካሪ ወንበር መስጠት ስምንት ደረጃ እንዳለው አስቀምጧል። ሰውየው ተልኮ ቀጠሮ ይያዝለታል፤ ይመረመራል፤ የሚስማማው ይታዘዝለታል፤ ገንዘቡ ተገኝቶ ወንበሩ ይጠየቃል፤ ወንበሩ ይዘጋጃል፤ በሰውነቱ ልክ ይስተካከላል፤ አጠቃቀሙን ይሠለጥናል፤ በመጨረሻም ጥገናና ክትትል ይደረጋል። ባነሩ የሚሰቀለው ከስምንቱ መካከል ለአንዱ ወይም ለሁለቱ ነው። በሰውነት ልክ ያልተስተካከለ ወንበር ቁስል ያመጣል፤ የጀርባ አጥንት ያጎብጣል። ለሆስፒታል ወለል የተሠራ፣ የፊት ጎማው ትንንሽ የሆነ ወንበር ደግሞ እብናት ድንጋይ ላይ በደረሰ በመጀመሪያው ሳምንት ጥግ ይዞ የዶሮ ማደሪያ ይሆናል።

በዚህ ነገር የአካባቢውን የእጅ ባለሙያ መናቅ አይገባም። አፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖልን ያሠሩት ከደብረ ታቦር አፍ ሥር፣ ጋፋት ላይ ነው። መድፍ የተሠራበት አገር ማንኪያ አጣምሞ መያዣውን የሚያወፍር፣ በርጩማ ከፍ አድርጎ የሚሠራ፣ ሽንት ቤት ላይ የእጅ መደገፊያ የሚተክል አናጢና አንጥረኛ አያጣም። ጥሩ የኦኩፔሽናል ቴራፒ ባለሙያ በካታሎግ ከመጣ ዕቃ ይልቅ አብዛኛውን ጊዜ የሚያስፈልገው እንዲህ ያለ ሰው ነው። በሥጋ ደዌ ምክንያት ጣቶቿ ስሜት ላጡ ሴት ድስት የምታወርድበት ረጅም የእንጨት እጀታ ማለት እጇን ከቃጠሎ ማትረፍ ማለት ነው። ዋጋውም የአንድ ቀን የአናጢ ጉልበት ቢሆን ነው።

የዓለም የኦኩፔሽናል ቴራፒስቶች ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. በ2020 ለሙያው የጥራት መመዘኛ መሣሪያ አውጥቷል። ሰባት መልክ አለው፤ ተገቢነት፣ ዘላቂነት፣ ተደራሽነት፣ ቅልጥፍና፣ ውጤታማነት፣ ሰውን ማዕከል ማድረግና ደኅንነት። በእያንዳንዱ ላይ የዶናቤዲያን ግብዓት፣ ሂደትና ውጤት እየታዩ መለኪያ ይመረጣል። የወደድኩለት ሁሉንም ሙሉ የማይለው ነገር ነው፤ አገልግሎቱ በአቅሙ ጥቂት መለኪያ መርጦ እንዲጀምር ያደርጋል። ያልወደድኩት ነገር ቢኖር ሰባቱ በወረቀት ላይ ተስማምተው መቀመጣቸው ነው። በተግባር እርስ በርሳቸው ይጋጫሉ። ደብረ ታቦር የተቀመጠ ባለሙያ በቀን አሥር ሰው ቢያይ ቀልጣፋ ይባላል። እብናት ገጠር ለአንድ አባወራ ቢሄድ ቀኑ በመንገድ ያልቃል፤ በክረምት ደግሞ ሁለት ቀን ሊሆን ይችላል። በተመላላሽ ብዛት የሚመዘን ከሆነ ይህ ሰው ሰነፍ ነው። ምን ያደርጋል? ሁለተኛ አይሄድም። ከዚያም አልፎ ቶሎ የሚሻለውን፣ ከተማ የሚኖረውን፣ በራሱ የሚመጣውን እየመረጠ ማየት ይጀምራል። መለኪያ የሰውን ጠባይ እንደሚለውጥ በጥራት ሥራ ላይ የቆየ ሁሉ ያውቀዋል። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በአማራ ክልል የቀጠለው ግጭት ደግሞ መንገዱን ይበልጥ አክብዶታል፤ እግርና እጅ የተጎዱትንም አብዝቷል።

ለዚህ ነው የቤት ጉብኝት ሁሉ በባለሙያው ብቻ ይሠራ የማልለው። አገሪቱ ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ በየቀበሌው ሁለት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችን አሰማርታለች፤ ቤት ለቤት መሄድ ሥራቸው ነው። የጎንደር ዩኒቨርሲቲም ማኅበረሰብ አቀፍ የተሃድሶ ፕሮግራም አለው፤ ሠራተኞቹ አካል ጉዳተኛውን በቤቱ የሚያገኙ ናቸው። የመጀመሪያውን ምዘና ባለሙያው ይሥራ፤ ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ባቄላ ይዛ የምትሄደው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ልትሆን ትችላለች። ጎንደር ለዚህ እንግዳ አይደለም። በ1947 ዓ.ም. የተከፈተው የሕዝብ ጤና ኮሌጅ የጤና መኮንኑን፣ የማኅበረሰብ ነርሷንና የአካባቢ ጤና ባለሙያውን አንድ ላይ አድርጎ ወደ ገጠር ጤና ጣቢያ የሚልክ ትምህርት ቤት ነበር። ፌዴሬሽኑ ለኦኩፔሽናል ቴራፒ ተማሪ ቢያንስ የ1,000 ሰዓት የተግባር ልምምድ ይጠይቃል። ከዚያ ውስጥ ጥቂቱ እንኳ እብናትን በመሰለ ወረዳ ቢውል፣ ተማሪው ባርትል ላይ የማያገኘውን በዓይኑ ያያል። ሺውም ሰዓት ጎንደር ሆስፒታል ውስጥ ካለቀ ግን ፎቅ ላይ መውጣት ሊያስተምር የሠለጠነ ባለሙያ ጎጆ ቤት ላሉ ሰዎች እንልካለን።

ይህ የበጎ ፈቃድ ጉዳይ ብቻም አይደለም። ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትን በ2002 ዓ.ም. አጽድቃለች። የስምምነቱ 26ኛ አንቀጽ ተሃድሶ ለሰዎች በሚኖሩበት ማኅበረሰብ አቅራቢያ፣ ገጠርን ጨምሮ፣ እንዲሰጥ ይጠይቃል። የዓለም ጤና ጉባዔም እ.ኤ.አ. በ2023 ተሃድሶ የመደበኛ ጤና አገልግሎት አካል እንዲሆን ውሳኔ አሳልፏል። በዓለም ላይ ከተሃድሶ ሊጠቀሙ ይችሉ የነበሩ ሰዎች 2.4 ቢሊዮን ይገመታሉ።

ከየት ይጀመር ከተባልኩ ለአንድ ሆስፒታል ሦስት ቁጥር ይበቃል እላለሁ። ከወጡት ታካሚዎች ውስጥ በአንድ ወር ጊዜ በቤታቸው የታዩት ስንት ናቸው? ራሳቸው በመረጡት ተግባር ሁለት ነጥብና ከዚያ በላይ የተሻሻሉት ስንት ናቸው? ከተሰጡት መገልገያዎች ከስድስት ወር በኋላ አገልግሎት ላይ ያሉት ስንት ናቸው? መጀመሪያ ቁጥሩ ያሳፍራል፤ ያሳፍር። ለምሳሌ በወር ከተሸኙት 20 ሰዎች ውስጥ የታዩት ሁለት ቢሆኑ፣ ምክንያቱን መፈለግ ነው። ቀበሌው የሚጻፍበት ቦታ ስላልነበረ ይሆን? የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ስላልተነገራት? ነዳጅ ስላልተፈቀደ? አንዱን ለይቶ፣ አንድ ለውጥ አድርጎ፣ በሚቀጥለው ወር እንደገና መቁጠር ነው። የጥራት ሥራ አመራር ተብሎ በትልልቅ ጥራዝ የሚጻፈው ነገር ሲራቆት ይኸው ነው። አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለኝ፤ እነዚህ ቁጥሮች ለሠራተኛ ቅጣትና ሽልማት ከዋሉ በሁለት ወር ውስጥ ሁሉም አሥር ባቄላ ያነሳል።

ወጪው ብዙ አይደለም። መጀመሪያ የሚያስፈልገው ታካሚው ሲሸኝ ወደ ቀበሌው በሚላከው ወረቀት ላይ ሁለት መስመር መጨመር ነው። አንዱ ሰውየው ራሱ የመረጠው ተግባር የሚጻፍበት ነው። ሌላው ያነሳው የባቄላ ቁጥር። እስካሁን በእጄ ባለፉት የመሸኛ ወረቀቶች ላይ የበሽታው ስም፣ የመድኃኒቱ መጠንና የቀጠሮው ቀን የሚሞሉበት ቦታ አለ፤ ለእነዚህ ሁለቱ ግን የለም።